መታጠቢያ ቤትዎን በትንሽ ገንዘብ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ መታጠቢያ ቤቴን ሳድስ ከገንዘቤ አብዛኛውን ያፈሰስኩት ትልቅ መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ያምራል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የተሰቀለበት ግድግዳ ከውስጥ እየራሰ መሆኑን የነቃሁት ግን ከወራት በኋላ ነው፤ ቀለሙ አብጦ በጣቴ ስጫነው እንደራሰ ወረቀት ሰረጎደ። መስታወቱ ወረደ፣ ግድግዳው ተፈለፈለ፣ ቧንቧው ተቀየረ፤ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው እድሳት አይቻለሁ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእኔው ዓይነት ነው። ዓይን የሚያርፍበት ይቀድማል፣ ውሃው የሚሄድበት ይረሳል።

ውሃውን ሳይፈትሹ ዕቃ መግዛት

ፍተሻው ምንም አያስወጣም ማለት ይቻላል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግመው ይዩት። ቁጥሩ ከጨመረ የሆነ ቦታ ውሃ እያመለጠ ነው። የሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምረው ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ሳይለቁ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ሳጥኑን ከታች የሚደፍነው ጎማ አርጅቷል። ይህች ጎማ ርካሽ ነች፤ ብዙ ሰው ግን እሷን ትቶ ሙሉውን መቀመጫ ይቀይራል። ከእጅ መታጠቢያው ስር ደግሞ የቧንቧዎቹን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠቅልለው ጥቂት ውሃ ያፍስሱ፤ ዓይን ያላየውን ሶፍቱ ይናገራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚያው ስር ያለችውን ትንሽ የውሃ መዝጊያ ለዓመታት ማንም ካልነካት በኃይል አያጣምሟት፤ እጅዎ ላይ ልትሰበር ትችላለች። መጀመሪያ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለና በትክክል እንደሚዘጋ ያረጋግጡ።

ቆሻሻን እርጅና ብሎ መጥራት

ውሃ የሚያንጠባጥብና በየአቅጣጫው የሚረጭ የሻወር ራስ ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ቀዳዳዎቹን ነጭ የኖራ ዝቃጭ ደፍኗቸዋል። ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርገው የሻወሩን ራስ ነክረው በክር ይሰሩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት። ሌሊቱን ሙሉ ግን አይተዉት፤ አሲዱ ላዩ ላይ ያለውን ንጣፍ ሊጎዳ ይችላል። እብነ በረድ ላይም አቼቶ አይድረስ። የሴራሚኩን ክፍተት የሚሞላው ቦያካም ሲሚንቶ ስለሆነ አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

በረኪናና አቼቶ ደግሞ በፍጹም አይቀላቀሉ። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚል ሰው ካገኙ ባልዲውን ይቀሙት።

በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ ሲሊኮን መቀባት

መታጠቢያ ቤትን ከምንም በላይ የሚያስረጀው ገንዳው ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጥቁር መስመር ይመስለኛል። ሴራሚኩ የፈለገውን ያህል ቢያበራ ያ የሻገተ መስመር ካለ ክፍሉ ያስጠላል። ታዲያ ሰው ቸኩሎ ከላዩ አዲስ ነጭ ሲሊኮን ይለጥፍበታል። ለሁለት ሳምንት ያምራል። ከዚያ ጠርዙ ይነሳል፣ ውሃ ከስሩ ይገባል፣ ሻጋታውም ተመልሶ ብቅ ይላል። ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ በደንብ አይያዝምና።

አሮጌውን በምላጭ ከላይና ከታች ቆርጠው ጫፉን ይዘው ይሳቡት፤ ዕድለኛ ከሆኑ እንደ ረጅም ክር ሳይበጠስ ይወጣል። ቅሪቱን ፍቀው ቦታውን በአልኮል ይጥረጉና ሌሊቱን ይድረቅ። ከመስመሩ በላይና በታች ፕላስተር ለጥፈው ሲሊኮኑን ሳያቋርጡ በአንድ ትንፋሽ ያውጡት፤ በረጠበ ጣት አንዴ ብቻ ያስተካክሉና ላዩ ሳይቆረፍድ ፕላስተሩን ይላጡ። ጣት መመላለስ በጀመረ ቁጥር ሥራው ይበላሻል። ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

የገላ ገንዳ ከሆነ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ከመቀባትዎ በፊት ገንዳውን ውሃ ይሙሉት፣ ሲሊኮኑ እስኪደርቅም አያፍስሱት። ገንዳ በውሃ ክብደት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ባዶውን ከተቀባ ሰው በታጠበበት ቀን መስመሩ ይቀደዳል። በዚሁ ምክንያት ማዕዘኖችን በቦያካ መድፈን አይጠቅምም። ሁለቱ ገጾች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

ሴራሚክን እንደ ግድግዳ መቀባት

የሴራሚክ ቀለም ገንዘብ ለሌለው ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ዝግጅቱ ከቀለሙ ይበልጣል እንጂ። የሳሙናና የቅባት ቅሪት መነሳት፣ ልሙጡ ገጽ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ለልሙጥ ገጽ የተሠራ ማያያዣ ቀለም መቀባት አለበት። ዋናው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሁለት ስስ ዙር ነው። እግር የሚረግጠውን የሻወር ወለል ግን ባይቀቡት እመክራለሁ፤ ይላጣል።

በአሮጌ ሴራሚክ ላይ አዲስ መለጠፍ ካሰቡ መጀመሪያ በሳንቲም እያንኳኩ ያዳምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ተለያይቷልና አዲሱን ይዞ ይወድቃል። ወለል ላይ ከሆነ ከፍታው ስለሚጨምር በሩ መከፈቱንና የውሃ መውረጃው ጉድጓድ ውስጥ አለመቅረቱን ያስቡ። ሲገዙም ከልኩ ቢያንስ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ጥቂቱ ሲቆረጥ ይሰበራል፣ ያንኑ ቀለምም በኋላ ላያገኙት ይችላሉ።

ሳይለኩ መግዛት

የእጅ መታጠቢያው ባለ አንድ ቀዳዳ ነው ወይስ ባለ ሦስት? ከግድግዳው እስከ መቀመጫው ማሰሪያ ብሎን ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? አዲሱ ቁም ሣጥን መሳቢያው ሲከፈት በሩን ይመታል? ሜትር ይዘው ይሂዱ።

መቀመጫውን ማዛወር

«እዚህ ጥግ ቢሆን ክፍሉ ሰፊ ይመስላል» የምትለው ሐሳብ በጀት ትበላለች። ቆሻሻ የሚወስደው ቧንቧ በራሱ ተዳፋት ነው የሚሄደው፤ መቀመጫው ሲርቅ ወለል መፍረስ፣ ቧንቧ መቀበር፣ ከፍታ መስተካከል አለበት። ሁሉም ባለበት ይቆይና ገንዘቡ ለጥሩ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ይዋል። ቧንቧ ሲመርጡ በእጅዎ ይመዝኑት፤ ከነሐስ የተሠራው ይከብዳል፣ የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ግን እንደ መጫወቻ ቀላል ነው።

እንፋሎቱን መርሳት

አዲስ ቀለም በጥቂት ወራት የሚያሻግተው ክፍል አየር የሌለው ነው። አየር ማውጫ ፋን ካለ ከታጠቡ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ አየሩንም የሚተፋው ከኮርኒሱ በላይ ሳይሆን ውጭ መሆን አለበት። አለበለዚያ እርጥበቱ የተዛወረው ከክፍሉ ወደ ጣሪያው ነው። ሻወር አጠገብ የሚሰቀል መብራትም እርጥበት የሚችል ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ IP44 (አይፒ 44፣ ውሃ የመቋቋም ደረጃውን የሚያሳይ ምልክት) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይፈልጉ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ራስዎ አይንኩት፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማፍረስ

ቤቱ ያለው መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ከሆነ አሮጌው መቀመጫ የሚነቀለው አዲሱ ወደ ቤት ገብቶ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ስንጥቅ እንደሌለውና ብሎኖቹ ሳይጎድሉ መምጣታቸው ታይቶ ነው። እኔ አንዴ መቀመጫውን ነቅዬ ካርቶኑን ብከፍት ብሎኑ የለም፤ ቀኑ ደግሞ እሑድ ነበር። እስከ ሰኞ ጎረቤት ተመላለስን።