ታወሩ ሲወዛወዝ ብረት ከመጨመር በፊት ብሎኑን ማየት

ከጣርማ በር አፋፍ እስከ መንዝ ደጋ የቆሙት የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ ታወሮች ነፋስ የማይለቃቸው ናቸው። ታወር ዘመመ ወይም ተንቋቋ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ተጨማሪ አንግል ብረት መግጠም ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ብሎኑን፣ ዳዶውንና ቀዳዳውን እዩ እንላለን። የዲዛይን ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያው ምንም እንደማይንሸራተት አድርጎ ይወስዳል፤ መገጣጠሚያው ግን ይንሸራተታል።

ነፋስ ጋብ ሳይል ወደ ላይ አይወጣም። የኤሌክትሪክ መስመር ከሆነ ኃይሉ መቋረጡና መስመሩ ከመሬት መታሰሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ምልክት፦ ከኃይለኛ ነፋስ በኋላ ጫፉ ወደ ቦታው አይመለስም፣ የማይክሮዌቭ ሳህኑ አቅጣጫ ይስታል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ መንሸራተት ነው። ለኤም 16 (16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ብሎን ቀዳዳው 17.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ መሃል ላይ የተቀመጠ ብሎን የቀዳዳውን ጠርዝ እስኪነካ ሁለቱ ብረቶች እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከታች በኩል የእግር ቅጥያ (የእግሩ ብረቶች የሚቀጣጠሉበት ቦታ) ላይ አንዱ ጎን በ1.5 ቢሳብ፣ ሌላው በ1.5 ቢታመቅና የታወሩ ወርድ 4 ሜትር ቢሆን፣ 40 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ጫፍ 30 ሚሊ ሜትር ይዘምማል። ይህ ከአንድ ቅጥያ ብቻ የመጣ ነው።

ብሎኑ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካ በኋላ ጭነቱን ይሸከማል፤ ስለዚህ መንሸራተቱ ብቻውን ታወር አይጥልም። ክፉው ነገር አራቱ እግሮች እኩል ሳይንሸራተቱ ሲቀሩ ነው፤ ያኔ ሰያፎቹ (እግሮቹን በሰያፍ የሚያያይዙት ብረቶች) ያልታሰበላቸውን ጭነት ይቀበላሉ።

መፍትሄ፦ ዝመቱን በቴዎዶላይት (ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ) ማለዳ ይለኩ። ፀሐይ አንዱን ፊት ካሞቀች ብረቱ ይለጠጥና ንባቡ ይሳሳታል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ በሆነበት አገር ይህ ቸል አይባልም። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ መጀመሪያ የእግር ቅጥያዎችን ቀጥሎ ሰያፎቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ልኩን የሚወስነው የታወሩ የዲዛይን ሥዕል ነው። ደረቅ የኤም 16 ብሎን የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ከሆነ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ይችላል፤ 4.6 የተጻፈበትን በዚህ ቢያጠብቁት ግን ይለጠጣል፣ ስለዚህ ጭንቅላቱን ሳያነቡ አይጀምሩ። ቅባት የነካው ጥርስ በዚያው ቶርክ ይበልጥ ስለሚወጠር እሱም ይጠንቀቁ። ማጥበቅ የተንሸራተተውን አይመልስም። ዝመቱ ከተፈቀደው ካለፈ ውሳኔው የመሐንዲስ ነው፤ በዊንች ጎትቶ ማቃናት አይሞከር። በመጨረሻ በብሎኑ ጫፍ፣ በዳዶውና በብረቱ ላይ የሚያልፍ የቀለም መስመር ያስምሩ። ከቀጣዩ ነፋስ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ የላላው የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ምልክት፦ ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር ይላላል

ብሎኑ ረዝሞ ዳዶው ጥርሱ የሚያልቅበት ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ጠነከረ ይላል እንጂ ብረቶቹ አልተጨበጡም። ሮንዴላውን በእጅ ያዙሩት፤ ከዞረ ምክንያቱ ይህ ነው። በብረቶቹ መካከል ያለ ወፍራም ቀለም ወይም የዚንክ እብጠት እየተጨፈለቀ ሲሄድም እንዲሁ ይላላል።

መፍትሄ፦ ትክክለኛ ርዝመት ያለው ብሎን፣ አዲስ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ከዳዶው ውጪ 2 ወይም 3 ጥርስ የሚታይ። ከገበያ የተገኘውን አይቀላቅሉ። የጋልቫናይዝድ ብሎን ዳዶ ለዚንኩ ቦታ እንዲተርፍ ጥርሱ ሰፋ ተደርጎ የሚቆረጥ ስለሆነ በተራ ብሎን ላይ ቢገባ ጥርሱ ይበላል። እስከ ጭንቅላቱ ጥርስ ያለው ብሎንም አደገኛ ነው፦ የኤም 16 ሙሉ አካል 201 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥርሱ ላይ 157 ብቻ ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት መስመር ጥርስ ላይ ካረፈ መቆረጥን የመቋቋም አቅሙ በ22 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ምልክት፦ ቀጭኑ ሰያፍ ጎብጧል

በየጫፉ ሁለት ብሎን ያለው ሰያፍ ጫፉ በከፊል የተያዘ ነው፤ አንዱ ከወደቀ ግን በቀረው ላይ ይዞራል። በኤኤስሲኢ 10 (የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የታወር ዲዛይን ደንብ) ቀመር ቅጥነቱ (ርዝመቱ ከመስቀለኛ ቅርጹ አንጻር) 200 የሆነ ሰያፍ ሁለቱም ጫፎቹ ሲያዙ እንደ 169 ይቆጠራል፤ ያ ይዞታ ከሁለቱም ጫፍ ሲጠፋ ወደ 200 ይመለሳል፣ የመታመቅ አቅሙም 28 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንግሉ በአንድ ክንፉ ብቻ ስለሚታሰር ጭነቱ ቀድሞም ከመሃል የወጣ ነው። ክፍተት ለመሙላት ሥዕሉ ላይ የሌለ ሮንዴላ መደርደር ደግሞ ያባብሰዋል።

መፍትሄ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረው ጉብጠቱን ይለኩ። ከርዝመቱ 1/1000 በላይ ከሆነ (ለ3 ሜትር 3 ሚሊ ሜትር) ብረቱ ይቀየር፤ በመዶሻ ማቃናት አያድንም።

ምልክት፦ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም

የክፍል ቁጥሩን ያረጋግጡ፣ የዙሪያውን ብሎን አላልተው እንደገና ያሰልፉ። በጋዝ አይቅደዱ፤ የሰፋ ቀዳዳ የመንሸራተቻ ቦታ ነው፣ ዚንኩም ይቃጠላል።

ምልክት፦ ከታች ያሉት ሰያፎች ተሰርቀዋል

እግሩ መሃሉን የሚይዝለት አጥቷል። አቅሙ በነፃ ርዝመቱ ካሬ ልክ ሊወርድ ስለሚችል ማንም እንዳይወጣ ይከልክሉ። በተመሳሳይ መጠን ጊዜያዊ አንግል በሁለቱም ጫፍ በብሎን ያሰሩ፣ ቋሚውን እየገጠሙ ጊዜያዊውን አንድ በአንድ ይፍቱ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ጭንቅላቱ በቁልፍ የማይያዝ የስርቆት መከላከያ ብሎን ይግጠሙ።