ማርፈድ እንዴት ቀረልን

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቱ በር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እኛ የምንደርሰው ባንዲራ ተሰቅሎ፣ መዝሙር ካለቀ በኋላ ነበር። መዝሙሩስ ይሁን። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን ሒሳብ ነው፤ ማባዛት ላይ መንገዳገድ ጀመረች።

ሰው ሁሉ የታክሲ ሰልፍን ይወቅሳል። የእኛ ቤት ጣጣ ካልሲ ነበር። አንዱ አልጋ ሥር፣ ሌላው እርጥብ። ዩኒፎርም ልተኩስ ስል ደግሞ መብራት ይጠፋል።

አሁን ዩኒፎርሙ ማታ ይተኮሳል። ካልሲው ጫማው ውስጥ ይገባል፣ ቦርሳው በሩ ጋ ይቀመጣል። ለጠዋት የሚቀረው ምሳ ዕቃው ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑም በጊዜ ይጠፋል (ድራማዬ ቀረ፣ ምን ይደረግ!)። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ እንወጣለን፤ ሰልፉ ገና አልረዘመም። ያመለጣትን ማባዛት ከጎረቤት ልጅ ደብተር እየገለበጥን ነው።