የቆራሌው ድምፅ እንዴት እንደሚታጠፍ በውሃ ላይ ማየት፦ የሞገድ ገንዳ በቤት ውስጥ አሠራር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆራሌው ከዓይን ቀድሞ በጆሮ ነው የሚመጣው። ከጎናችን ካለው ብሎክ ጀርባ ሆኖ ይጮሃል፤ እኛ ቤታችን ተቀምጠን እንሰማዋለን። አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ ወጥቶ ግራ ቀኝ ቢያይ ሰውየው የለም።

"ጋሼ፣ ሳናየው እንዴት ሰማነው?"

"ድምፅ ሞገድ ስለሆነ ይታጠፋል" ብዬ ላልፈው ነበር። ልጁ ግን የዋዛ አይደለም። "ብርሃንም ሞገድ ነው ተብለናል። እሱ ለምን አይታጠፍም?" አለኝ። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ በአፍ ለማስረዳት ስሞክር ግን እኔም ተወሳሰብኩ። ስለዚህ በውሃ ላይ ላሳየው ወሰንኩ። እኔን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እናንተ ዓርብ ጠዋት ከጀመራችሁ ቅዳሜ ማታ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ገንዳው። መስታወት ቤት ሄዳችሁ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት፣ ለጠርዙ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ቁራጮች አስቆርጡ። ስለቱን እዚያው አስሞርዱት። ጠርዞቹን በሲልከን አጣብቁ። "ምን አደከመህ፣ የፕላስቲክ ሳጥን አለልህ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ። ታቹ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ወይም መስመር ስላለው ከሞገዱ ጋር አብሮ ጥላ ይጥላል።

ሲልከኑ 24 ሰዓት ይድረቅ። እኔ ሦስት ሰዓት ጠብቄ፣ በጣቴ ነካ አድርጌ፣ "ደርቋል" ብዬ ውሃ ሞላሁበት። ላዩ እንጂ ውስጡ አልደረቀም ነበር። ውሃው በአንዱ ጥግ ሾልኮ ወለሉ ላይ ያለው ዲቫይደር ላይ ፈሰሰ። ብሬከሩ ባይወርድ ኖሮ ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር። ስለዚህ በአካባቢው ምንም የኤሌክትሪክ ገመድ አይኑር። ለመብራት የስልክ ባውዛ ይበቃል።

ገንዳውን በሁለት ወንበሮች መሃል አስቀምጡት፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ስልኩን ከውሃው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ባውዛውን ወደ ታች አዙራችሁ አንጠልጥሉት። የሞገዱ ጉብታ እንደ ሌንስ ብርሃን ይሰበስባል፣ ጎድጓዳው ይበትናል። ወረቀቱ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች የሚታዩት ለዚህ ነው። ስልካችሁ ሁለት አምፖል ካለው አንዱን በፕላስተር ሸፍኑ፣ አለዚያ ጥላው ድርብ ይሆናል። ክፍሉ ይጨልም። መብራት የጠፋበት ምሽት ለዚህ ሥራ ምርቃት ነው።

ውሃው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃዋል፤ በሊትር ሲሰላ ወደ 3 ይጠጋል። አራቱም ጥግ ላይ በማስመሪያ ለኩ። የግንበኛ ውሃ ልክ አያስፈልግም፣ ውሃው ራሱ ውሃ ልክ ነው። ገንዳው ላይ የሳሙና ቅሪት እንዳይኖር ግን ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ሳሙና ውሃው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሞገዱ ያንን ሽፋን ሲስብና ሲጨምቅ ጉልበቱን ይጨርሳል።

አሁን ሁለት ቅዳሜ የበላብኝ ነገር ላይ ደረስን።

ውሃውን ነካ ስታደርጉት ሞገዱ ይሄዳል፣ መስታወቱን ይመታል፣ ይመለሳል። የተመለሰው ከሚሄደው ጋር ይጋጫል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወረቀቱ ላይ የምታዩት የወንፊት ጥልፍልፍ እንጂ ሞገድ አይደለም። እኔ ጥፋቱ የመብራቱ መስሎኝ ስልክ ቀየርኩ። ቀጥሎ ውሃ ቀነስኩ። ቀጥሎ ልጁን ተቆጣሁት፤ ወንበሩን ያነቃነቀ መስሎኝ።

መፍትሔው ላንጋኖ ዳር ቆሞ ላየ ሰው ግልጽ ነው። ሞገድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲመታ ሙሉ ለሙሉ ይመለሳል። ቀስ እያለ ከፍ በሚል አሸዋ ላይ ሲወጣ ግን እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ለገንዳው ዳርቻ ሥሩለት። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቁረጡ፣ ከዚያ ላዩን ወደ ውሃው እንዲያዘቀዝቅ እንደ ሽብልቅ አሰያፉት። ሞገዱን በሊጥ መዳመጫ ከአንዱ ጠርዝ ስለምንፈጥር፣ ከዚያ ትይዩ ባለው ጠርዝና በሁለቱ ጎኖች አሰልፉት። ስፖንጁን ቀድማችሁ ውሃ አጠጡት። ደረቁን ካስገባችሁት የገንዳውን ውሃ መጥጦ የለካችሁትን ጥልቀት ያበላሸዋል። ሳይሰያፍ ዝም ብሎ ቢቀመጥ አይሠራም ወይ? በከፊል ይሠራል፤ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ፊቱ አሁንም ትንሽ ይመልሳል። እኔ ሁለቴ ቆርጫለሁ፣ እናንተ አንዴ ቁረጡ።

ሞገዱን ለሚጋርደው ግድግዳ የሴራሚክ ቁራጭ ተጠቀሙ። በእኛ ሰፈር ግንባታ የሌለበት መንገድ ስለሌለ ስብርባሪው አይጠፋም። ሴራሚክ የሚያነጥፈውን ልጅ ብትለምኑት በግራይንደር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ዘንጎች ያወጣላችኋል። በጠርዛቸው አቁማችሁ፣ ሞገዱ የሚያልፍበት ክፍተት ትታችሁ በገንዳው መሃል አግድሟቸው። ክፍተቱን ለማጥበብና ለማስፋት አንዱን ከሌላው ጀርባ አስጠግቶ ማንሸራተት ነው።

ሞገዱን የምትፈጥሩት በሊጥ መዳመጫ ነው። አንዱ ጠርዝ አጠገብ ውሃው ውስጥ አስተኙት፣ በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንከባሉት፣ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል። በዚህ ፍጥነት የሞገዱ ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ፣ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የድሮ ስልክ ንዝረት ሞተር ይሻላል ለሚላችሁ አትስሙ። በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ስለሚንቀጠቀጥ ሞገዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ዓይን አይለየውም።

መጀመሪያ ክፍተቱን 15 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ወደ ጎን ይጎብጣል። በስሌት ዋናው ጉልበት ከመሃል ግራና ቀኝ በ20 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ይቀራል። አሁን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አጥብቡት። ቀጥ ያለው ሞገድ ገብቶ ግማሽ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ጥግ ሁሉ ይዳረሳል። ልጁ "ክፍተት ሲጠብ እንዴት ይሰፋል?" ብሎ ጮኸ። ዲፍራክሽን የሚሉት ይኼው ነው። ስሙን ያወጣለት ግሪማልዲ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1665 በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ቀጥሎ ሁሉንም አንሥታችሁ አንድ ቁራጭ ብቻ መሃል ላይ አቁሙ። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ ሞገዱ ዞሮት ከኋላው ይገጥማል፣ እንዳልነበረ። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከጀርባው ጸጥ ያለ ውሃ ይቀራል።

ይህን ካየን በኋላ ወደ ቆራሌው ተመለስን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ጎርናና ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 1 ሜትር ከ70 ነው። የበራችን ስፋት ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር። ለዚህ ድምፅ በሩ ጠባቡ ክፍተት ነው፣ ስለዚህ ገብቶ ቤቱን ይሞላል። የብርሃን ሞገድ ግን የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ ያህል ነው። ለእሱ ያው በር ከሞገዱ ወደ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ስለሚሰፋ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በእርግጥ የቆራሌው ድምፅ ከፊት ለፊት ብሎክ ተንጸባርቆም ይደርሰናል፣ መታጠፉ ብቻውን አይደለም። ግን ሰውየው ብሎኩ ጀርባ ሳለ ጩኸቱ እንጂ ቃሉ የማይለየው ለምን ይመስላችኋል? "ስ"ን የመሰሉ ፊደላት ቀጭን ናቸው፤ ሞገዳቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጥጉን እንደ ወፍራሙ ድምፅ አይዞሩም። ልጁ በረንዳ ላይ ቆሞ ቃሉ ጥርት የሚልበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ሰውየው ከጥጉ ብቅ ሲል ነው።

ስትጨርሱ ስፖንጁን ገንዳው ውስጥ ጭመቁት፣ ውሃውንም አትድፉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 3 ሊትር ለአበባው ይሆናል።