ድመትን ሳይጎዱ ቁንጫዋን ማጥፋት

ቁንጫ ድመትን ያሳክካታል፤ ትንንሽ ግልገሎችን ደግሞ ደማቸውን መጥጦ እስከ መግደል ይደርሳል። የተሳሳተ የቁንጫ መድኃኒት ግን ጤነኛዋን ድመት እንኳ በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ማሸጊያውን በማንበብ ነው።

1. የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር ያንብቡ። ፐርሜትሪን (ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል) የሚል ካዩ ለድመት አይደለምና ይመልሱት። ቆዳ ላይ ከሚደረጉት የውሻ የቁንጫ ጠብታዎች ብዙዎቹ ከ45 እስከ 65 ከመቶ የሚደርስ ፐርሜትሪን አላቸው። ውሻ በጉበቱ ሰባብሮ ያስወግደዋል። ድመት ግን ይህን የሚሠራው ኢንዛይም በጣም ስለሚያንሳት መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ቆይቶ ነርቮቿን ያውካል። «ግማሹን ብቻ ላድርግላት» ማለት አያድንም፤ ለመግደል ጥቂት ጠብታ ይበቃል። አሚትራዝ የተባለው ሌላ ተባይ ገዳይ ያለበትንም አይጠቀሙ። ነጭ ሽንኩርትና የሻይ ዛፍ ዘይት «ተፈጥሯዊ» ቢባሉም ለድመት መርዝ ናቸው።

2. ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ክብደት ጋር ለማስተያየት ይመዝኗት። ድመቷን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ከዚያ ብቻዎን ተመዝነው ይቀንሱ። ፊፕሮኒል ወይም ኢሚዳክሎፕሪድ ያለባቸው የድመት ጠብታዎች በአብዛኛው ከ8 ሳምንት በላይ ለሆናት ናቸው። ከዚያ በታች ላለች ግልገል ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ የቁንጫ ማበጠሪያ እያበጠሩ፣ የተያዘውን ቁንጫ ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ መክተት ይሻላል። ያረገዘች፣ የምታጠባ ወይም ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ የታየባት ከሆነች መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

3. ጠብታውን ቆዳዋ ላይ ያድርጉ። ቦታው ማጅራቷ ነው፤ ከራስ ቅሏ ሥር፣ ምላሷ የማይደርስበት። ፀጉሯን በሁለት ጣት ከፍለው ቆዳው እስኪታይ ይጠብቁ፣ የቱቦውን ጫፍ ቆዳው ላይ አስጠግተው ጨምቀው ይጨርሱት። ፀጉር ላይ የቀረ መድኃኒት እንደሚገባው አይሠራም። ቆዳዋ ከቆሰለ ወይም ፀጉሯ እርጥብ ከሆነ ይቆዩ፤ ካደረጉላት በኋላም ለ2 ቀን አይጠቧት። ሌላ ድመት ካለ እንዳይላላሱ እስኪደርቅ ለያዩአቸው። ቤት ውስጥ ፐርሜትሪን የተደረገለት ውሻ ካለ ደግሞ ለ3 ቀን ከድመቷ ጋር እንዳይተኛ ያድርጉ። መመረዝ ከዚህም ይመጣል።

4. ይከታተሏት። መድኃኒቱን ከላሰች መራራ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ለሃጯን ልታዝረበርብ ትችላለች፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ጆሮዋና ፊቷ እየነዘራት ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ እግሯን መቆጣጠር ካቃታት ወይም ከተንዘፈዘፈች ግን መመረዝ ነው። ምልክቱ በጥቂት ሰዓት ሊታይ፣ እስከ 3 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። የውሻ ጠብታ መደረጉን እንዳወቁ፣ ምልክት ባይታይም፣ ለሐኪም ይደውሉና ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቋት፣ በፎጣም ይጠቅልሏት። ሙቅ ውኃ የቆዳዋን የደም ዝውውር ስለሚጨምር መርዙ ይበልጥ ይሰርጋል። እየተንዘፈዘፈች ከሆነ ማጠቡን ትተው በቀጥታ ይውሰዷት። አያስመልሷት፣ ወተትም አይስጧት። ማሸጊያውን ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

5. ቤቱን ያጽዱ። ድመቷ ላይ የሚታዩት ከጠቅላላው ቁንጫ ትንሹ ክፍል ናቸው፤ እንቁላሉና እጩ ምንጣፍና መኝታ ውስጥ ነው። ጨርቁን በ60 ዲግሪ ውኃ ይጠቡ፣ ወለሉንና የሶፋውን ስንጥቅ በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይሳቡ፣ የተጠራቀመውንም ወዲያው አሽገው ይጣሉ። የቤት መርጫዎች ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን ስላለባቸው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቤቱ እስኪናፈስ ድመቷን አያስገቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ለሳምንታት አዳዲስ ቁንጫ ሊያዩ ይችላሉ። በሽፋናቸው ውስጥ ተጠቅልለው የቆዩት ያልተፈለፈሉ ቁንጫዎች መርጫው ስለማይደርስባቸው ቀስ በቀስ ይፈለፈላሉ። መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ከቀኑ በፊት ሌላ ጠብታ እንዳይደግሙ፤ የሚደገመው ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ፣ በአብዛኛው ከወር በኋላ ነው።