በጎንደር ለሚገኙ ፈጣን ምግብ ቤቶች የሥራ አመራር የመረጃ ሥርዓት አዘረጋግ

አንድ የበርገርና የሳንድዊች ቤት ፒያሳ ላይ አንድ በር ብቻ ሲኖረው ባለቤቱ ሂሳቡን በዓይኑ ይይዘዋል፤ የሚገባውን ሥጋ ያያል፣ የሚወጣውን ሰሃን ያያል፣ ማታም መሳቢያውን ራሱ ይዘጋል። ማራኪ ላይ ለተማሪው፣ አዘዞ ላይ ደግሞ ለመንገደኛው ተጨማሪ ቅርንጫፎች ሲከፍት ግን በዓይኑ የሚያየው አንዱን ብቻ ይሆንና የቀሩትን የሚያውቃቸው በሚነገረው ልክ ነው። የሥራ አመራር የመረጃ ሥርዓት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ተግባሩም በየቅርንጫፉ የሚካሄደውን ሽያጭ፣ ግዢና የዕቃ እንቅስቃሴ በአንድ ዓይነት መንገድ መዝግቦ ባለቤቱ ሊወስንበት በሚችል መልክ ማቅረብ ነው። ብዙዎች ይህን ሲያስቡ በቅድሚያ የሚያነሡት የትኛውን ሶፍትዌር እንደሚገዙ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ በድርጅቱ ውስጥ በየጊዜው የሚወሰኑ ጉዳዮችን በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። ለነገ ስንት ኪሎ ሥጋ ይፈጭ፣ ለምሽቱ ፈረቃ ስንት ሠራተኛ ይመደብ፣ የትኛው ምግብ ከዝርዝሩ ይውጣ፣ የድንች አቅራቢው ይቀየር ወይስ ይቆይ? ከእያንዳንዱ ጉዳይ አጠገብ የሚወስነውን ሰው፣ የሚወስንበትን ጊዜና የሚፈልገውን አሃዝ ይጻፉ። የወጥ ቤት ኃላፊው የዛሬውን ዛሬ ማወቅ አለበት፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ የሳምንቱን፣ ባለቤቱ ደግሞ የወሩን ንጽጽር ይፈልጋል። ማንም የማይወስንበት ሪፖርት ባይዘጋጅ ይሻላል።

የዕቃ ስምና የምግብ ልክ

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም የማይዘለል ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ድንችን በኩንታል፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው በማዳበሪያ ከረጢት የሚመዘግብ ከሆነ የሦስቱን ድምር ማንም ሊያምነው አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ ስም፣ አንድ መለያ ቁጥርና አንድ መለኪያ ይወስኑ፤ ዘይት በጀሪካን ቢገዛም በሊትር፣ ቲማቲም በሳጥን ቢመጣም በኪሎ፣ እንቁላል ደግሞ በፍሬ ይመዝገብ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ምግብ የልክ ካርድ ያዘጋጁ፤ አንድ በርገር ስንት ግራም ሥጋ፣ ስንት ዳቦ፣ ስንት ግራም ድንች እንደሚወስድ በሚዛን ተለክቶ እንጂ በግምት አይጻፍ።

የሥርዓቱ ዋና ጥቅም የሚገኘው ከዚህ ካርድ ነው። ለማሳያ ያህል በተወሰዱ አሃዞች እንመልከተው። የአዘዞው ቅርንጫፍ ሰኞ ጠዋት ሲቆጠር 18 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ነበረው፤ በሳምንቱ ውስጥ 60 ኪሎ ተላከለት፤ እሑድ ማታ ሲቆጠር 9 ኪሎ ተገኘ። የወጣው እንግዲህ 69 ኪሎ ነው። የሽያጭ መዝገቡ 520 በርገር መሸጡን ያሳያል፤ የአንዱ ልክ 120 ግራም ከሆነ መውጣት የነበረበት 62.4 ኪሎ ነው። በብልሽት መዝገቡ ላይ የሰፈረው 1.6 ኪሎ ሲጨመርበት 64 ኪሎ ይሆናል፤ የቀረው 5 ኪሎ የት እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ የለም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ባለቤት ሌባ ፍለጋ ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን ወጥ ቤት ገብቶ ለመጥበስ የተዘጋጁ 10 ቁራጮችን መመዘን ይቀድማል። እያንዳንዱ 130 ግራም ሆኖ ከተገኘ 520ው በርገር 5.2 ኪሎ ትርፍ ሥጋ ወስዷል ማለት ስለሆነ፣ ጉድለቱ በዚሁ ሊብራራ ይችላል፤ መፍትሔውም ሠራተኛ ማሰናበት ሳይሆን ከመጥበሻው አጠገብ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። የቁራጮቹ ክብደት ልክ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከፒያሳው ማዕድ ቤት የተላከው ሥጋ አዘዞ ሲደርስ ተመዝኖ ነበር ወይ፣ የሠራተኞች ምግብ ይመዘገባል ወይ፣ ያለ ደረሰኝ የወጣ ሰሃን አለ ወይ ብሎ በቅደም ተከተል መጠየቅ ይገባል። ለዚህም ሲባል በቅርንጫፎች መካከል የሚዘዋወር ዕቃ ሁሉ ላኪውና ተቀባዩ ክብደቱን ጽፈው የሚፈርሙበት የማስተላለፊያ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ዋጋቸው ከፍ ያሉትን ሥጋ፣ አይብና ዘይት በየሳምንቱ፣ ሌላውን በየወሩ መቁጠር ይበቃል፤ የጨው ቆጠራ ማንንም አይጠቅምም።

የገንዘቡ ማስታረቅ

በየምሽቱ ሦስት አሃዞች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ የመረጃ ሥርዓቱ የመዘገበው ሽያጭ፣ የደረሰኝ ማሽኑ የቀን መዝጊያ ማለትም ዜድ ሪፖርቱ፣ እንዲሁም በእርግጥ የተሰበሰበው ገንዘብ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ስለማይገኝ፣ ሦስተኛው አሃዝ ራሱ በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብርና በባንክ ዝውውር ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ካሸሩ ከደንበኛው ስልክ ላይ የሚያየውን ምስል እንደ ክፍያ ማረጋገጫ እንዳይቀበል ይከልክሉ፤ ምስል በቀላሉ ሊቀየር ይችላልና። ማረጋገጫው በድርጅቱ ሂሳብ የደረሰው መልእክት ሲሆን፣ የግብይት ቁጥሩም ከትዕዛዙ ጋር ይመዝገብ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ ሪፖርቱ 15 በመቶውን ለይቶ ያሳይ፤ ደንበኛው 115 ብር ሲከፍል የድርጅቱ ሽያጭ 100 ብር ነው፤ ታክሱን እንደ ገቢ የሚቆጥር ባለቤት ትርፉን አብዝቶ ያያል።

የተሰረዙ ትዕዛዞች ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። ካሸር ብቻውን ትዕዛዝ መሰረዝ አይችል፤ የፈረቃ ኃላፊው በራሱ የይለፍ ቃል ያጽድቅ፣ ምክንያቱም ይጻፍ። ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ ስረዛውን በካሸርና በሰዓት ተለይቶ ቢያየው፣ መደበኛው ሪፖርት የሚሸፍነውን ብዙ ነገር ይገልጥለታል።

የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ

ከውጭ የሚመጡ ፕሮግራሞች የነገን ሽያጭ በአብዛኛው የሚገምቱት ባለፉት ሳምንታት በተመሳሳይ ቀን የተሸጠውን አይተው ነው። ጎንደር ላይ ይህ ብቻውን ያሳስታል። ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ሽያጭ እንደሚቀንስ ፕሮግራሙ በጊዜ ብዛት ሊማር ይችል ይሆናል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን እንደሚቆይና መግቢያው በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 እንደሚገባ፣ ረመዳንም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ እንደሚመጣ ካልተነገረው አያውቅም። የጥምቀት ሰሞን ሽያጭም ከጥር ሌሎች ሳምንታት ጋር አይነጻጸርም፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የከተራ ዕለት ግን ጾም ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ የሽያጭ ቀን የጾም ወይም የፍስክ፣ የበዓል ወይም የአዘቦት፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍት ወይም ዝግ የሚል ምልክት ይሰጠው፤ ግምቱም ተመሳሳይ ምልክት ካላቸው ቀናት ይሠራ። የማራኪው ቅርንጫፍ በተማሪዎች ዕረፍት ወቅት ከራሱ ከባለፈው ወር ጋር ቢነጻጸር ኃላፊውን ያለጥፋቱ ያስወቅሰዋል፤ ካለፈው ዓመት ዕረፍት ጋር ማነጻጸር ነው ፍትሐዊው። ፕሮግራሙ ቀኑን የሚቀይረው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መሆኑንም አይርሱ፤ እስከዚያ ሰዓት የሚሠራ ቅርንጫፍ ካለ የሥራ ቀኑ መዝጊያ ወደ ሌሊት 9 ሰዓት ይገፋ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻው ይታይ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን፤ አለዚያ በየዓመቱ ክርክር ያስነሣል።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክዶናልድስ ባጋጠመው የሥርዓት መቋረጥ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በብሪታንያ ያሉ በርካታ ምግብ ቤቶቹ ትዕዛዝ መቀበል አቅቷቸው ነበር። የእኛ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት እንደነበር አንባቢው ያስታውሳል። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ የማይሠራ ፕሮግራም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይግዙ። ሽያጩ መጀመሪያ በቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ዋናው መዝገብ ይላክ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩንና የደረሰኝ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ ይኑር። ከዚህም ባሻገር ተከታታይ ቁጥር ያለው ባለካርቦን የትዕዛዝ ጥራዝ በየቅርንጫፉ ይቀመጥ፤ በጥራዙ ላይ የተጻፈው ሁሉ በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ወደ ሥርዓቱ ይግባ።

የቤት ለቤት ደንበኞችን ስምና ስልክ የሚይዙ ከሆነ መዝገቡን የሚያዩትን ሰዎች ይገድቡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ ይመለከታል።

ሥራውን በአንድ ቅርንጫፍ ይጀምሩ፤ ለባለቤቱ ዓይን ቅርብ የሆነው ፒያሳ ይመረጣል። አሮጌው ደብተርና አዲሱ ሥርዓት ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ወሩም ጥር እንዳይሆን፣ በጥምቀት ሰሞን አዲስ ነገር የሚማር ካሸር አይገኝምና። ለሦስት ቅርንጫፍ በጥንቃቄ የተሠራ የኤክሴል መዝገብ ለመነሻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ፕሮግራም ወደ መግዛት ሲደርሱ ግን ሻጩ የሽያጭና የዕቃ መዝገቡን በማንኛውም ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ለመስጠት በውሉ ላይ ይፈርም፤ ቅድመ ክፍያውን ከመክፈልዎ በፊትም በፊትዎ ገልብጦ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።