ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ራሙንና ዲስኩን እንዴት ትለያላችሁ?

እህቴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲደርሳት፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛንላት። ሻጩ «ሚሞሪው 1 ቴራ (1000 ጂቢ ገደማ) ነው፣ በጣም ፈጣን ነው» አለን። አመንነው። ቤት ወስደን ስናበራው ግን እስኪነሳ ብቻ አራት ደቂቃ ፈጀ።

ያሳሳተን «ሚሞሪ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ጋ ራሙም ሚሞሪ፣ ሃርድ ዲስኩም ሚሞሪ፣ የስልክ ካርዱም ሚሞሪ ነው። ራሙንና ዲስኩን ለይቶ ማወቅ ብዙ ብር ያድናል። ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ሻጩ ፊት ቆማችሁ በገዛ እጃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ላፕቶፑን አብሩና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ፣ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ሚሞሪ፣ ዲስክ እያለ ይደረድርላችኋል።

እዚህ ላይ ሚሞሪ ማለት ራም ነው። ሰኞ ገበያ ያለን ነጋዴ አስቡ። ዕቃውን የሚዘረጋበት መደብ አለው፣ የሚያከማችበት መጋዘንም አለው። ራም መደቡ ነው፤ አሁን የከፈታችሁት ሁሉ የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም መደቡ ይነሳል። ዲስክ መጋዘኑ ነው፣ ፎቶውም ፊልሙም ዊንዶውሱም የሚያድረው እዚያ ነው። 1 ቴራ መጋዘን ያለው ሰው መደቡ 4 ጂቢ ብቻ ከሆነ ይጨናነቃል፣ ሥራው ሁሉ ወደ መጋዘን መመላለስ ይሆናል። የእህቴ ላፕቶፕ ልክ እንደዚያ ነበር። ዛሬ ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ 8 ጂቢ ራም ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ዲስክን ንኩ። ኤስኤስዲ ወይስ ኤችዲዲ ይላል? ኤችዲዲ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ውድቀትም አይወድም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። እኔ ብሆን ከ1 ቴራ ኤችዲዲ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ እመርጣለሁ።

ላፕቶፑ ቀድሞም የእናንተ ከሆነና ከተንቀራፈፈባችሁ፣ ሁልጊዜ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ክፈቱና መጀመሪያ ሚሞሪውን እዩ። 90 ፐርሰንት አካባቢ ከሞላ ራም ጨምሩ። ሚሞሪው ቦታ እያለው ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ግን ጥፋቱ የኤችዲዲው ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፣ ምክንያቱም ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ወደ ዲስክ ስለሚያዛውር ሁለቱም አብረው የታመሙ ይመስላሉ።

ራም ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱ ዲዲአር 3 ይሁን 4 ወይም 5 አረጋግጡ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እዚያው ሚሞሪ ገጽ ላይ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንደተያዘም ይጽፋል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይቀየርም።

ሲፒዩ ላይ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8250 ካለ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ 1135 ካለ 11ኛ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ያለውን ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ቻርጀር ስትቀይሩ ቮልቱ ከድሮው እኩል ይሁን፣ አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም። ደሴ ብርድ ላይ ዝም ያለ ፋን (ማራገቢያ) የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ስትገቡ መጮህ ከጀመረ፣ አቧራውን አስጠርጉት፣ አልጋ ላይ አስቀምጣችሁም አትሥሩ።

የእህቴን ላፕቶፕ በመጨረሻ ኤስኤስዲ አስገባንለት፣ ራሙንም 8 አደረግነው። አሁን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል። የወጣውን ኤችዲዲ አትጣሉት፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ይሸጣል፣ እዚያ ውስጥ ከታችሁት ቅጂ ማስቀመጫ ይሆናችኋል። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ አሁንም ያለው እዚያው ላይ ነው።