ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዩት፦ የፊልም ልብስ አስመስሎ ለመስፋት ጨርቅ አመራረጥ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስሰፋ ብዙ ዓመቴ ነው። አሁን አሁን ደንበኞቼ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። «እትዬ፣ ቁርጥ ይህን የመሰለ ስፊልኝ» ይሉኛል፣ የፊልም ምስል እያሳዩ። ሁሉም ቀድመው የሚያወሩት ስለ ቀለሙ ነው። እኔ ቀለሙን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

የፊልም ቀለም ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር ይነካካል። የስልኩ ስክሪንም የራሱን ይጨምርበታል። ቡኒ ካባ በሌሊት ትዕይንት ሰማያዊ መስሎ ቁጭ ይላል። የማይዋሸው የጨርቁ አወራረድ ነው። ሰውየው ሲዞር ቪዲዮውን አቁሙና እጥፋቶቹን እዩ። ጥቂትና ወፋፍራም ከሆኑ ጨርቁ ከባድ ነው። ብዙና ቀጫጭን ከሆኑ ስስ ነው። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ጨርቁን አስዘርግታችሁ ትከሻችሁ ላይ ጣሉትና ተራመዱ። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ግድ የለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ቆብ ያለው ሻካራ ቡኒ ካባ ፈለገ። ለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ ገዝቶ መጣ። ቀለሙ ልክ ነበር፤ ሲለብሰው ግን ገላው ላይ ተለጠፈበት። ቅዳሜ ገበያ ይዤው ሄድኩ። ከደጋ የመጣ የበግ ጠጉር ባና አገኘን። ከበድ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጠጉሩ ብቅ ብቅ ያለ። ትከሻው ላይ ስጥልለት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ልጁ መስታወት ፊት ዝም ብሎ ቆመ።

ከክብደት ቀጥሎ አብረቅራቂነቱን እዩ። አንድ ጊዜ ለድራማ ቡድን የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ካባ ሰፋሁ። ከፋዩን የገዛሁት «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብዬ ነው። ፋሲል ግቢ ፀሐይ ላይ ሲቀረጽ እንደ ፕላስቲክ አብለጨለጨ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሳልይዝ ጨርቅ አልገዛም። ከጠርዙ ጥቂት ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውሃ ካለበት ሳህን በላይ ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ ለስላሳ ነው፣ ሲነኩት ብን ይላል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ የቀረው ጥቁር ፍሬ በጣት ሲጫኑት ይደቃል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ድሩንና ማጉን፣ ማለትም የቁሙንና የአግድሙን ክር፣ ለየብቻ ሞክሩ። አንዱ ጥጥ፣ ሌላው ፖሊስተር የሆነ ጨርቅ ሞልቷል።

የታሪክ ፊልም ልብስ ከሆነ ትልቁ ነገር ሸማው ነው። ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ እዩት። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። እናቴ እንዝርቷን ስታሾር ክሩ በእጇ ልክ ይወፍርና ይቀጥን ነበር፤ ካሜራ ቀርቦ ሲያነሳ የሚታየው ያ ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነም ይበቃል።

ጥለቱ ላይ ተጠንቀቁ። አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የፋብሪካ ኬሚካል ቀለም፣ ያ ደማቁ ወይን ጠጅ፣ የተገኘው በፈረንጆቹ 1856 ነው። ፖሊስተር የተፈለሰፈው ደግሞ በፈረንጆቹ 1941። ስለዚህ ለእሳቸው ዘመን የሚንቦገቦግ ወይን ጠጅና የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ወርቃማ ክር አይሆንም። በዘመናቸው ያዩዋቸው አውሮፓውያን አለባበሳቸው ቀለል ያለ እንደነበር ጽፈዋል። ነጭ ሸማ ከቀይ ጥለት ጋር ከሁሉም ይሻላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን እጠቡት፤ የእጅ ሸማ ይሸበሸባል፣ ያጥራልም። ድምቅ ያለ ነጭ ካሜራ ላይ ስለሚያንጸባርቅ እኔ ለብ ባለ ቀጭን ሻይ ነክሬ አወጣዋለሁ። ግን መጀመሪያ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት። ጨርቁ ከቀላ ሸማው ሻዩ ውስጥ አይግባ።